በአየር ውስጥ ያለው ብናኝ የተለካበት ታሪክ፤ ከዝናባማው ደን እስከ ንፋስ ስልክ ላፍቶ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚጠራበት ስም በራሱ የአንድ ዘመን የቴክኒክ ታሪክ መታሰቢያ ነው። «ነፋስ ስልክ» ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ብቻ መልእክት ለሚያደርሰው የራዲዮ ቴሌግራፍ ሕዝቡ ያወጣለት ስም ነው። አየር ድምፅን፣ ምልክትንና ወሬን ተሸክሞ ከአገር አገር እንደሚሄድ የከተማው ነዋሪ ከተረዳ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ይኸው አየር ከመልእክቱ ጋር ምን ያህል ጢስ፣ ምን ያህል አፈር፣ ምን ያህል ጥላሸት እንደሚሸከም በሚዛን የተጠየቀው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። በከተማይቱ የአየር ብናኝ ይዘት በኬሚካዊ ትንተና የተመረመረበትና ውጤቱ በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት የወጣበት ሥራ የተከናወነው በ2004 መጀመሪያ ላይ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የብናኝ መለኪያ ጥበብ በዓለም እንዴት እንዳደገ፣ ተፈጥሮ የምታመነጨው ብናኝ ሰው ከሚያመነጨው የሚለይበት ዘዴ እንዴት እንደተገኘ፣ ይህም እውቀት ወደ አዲስ አበባ በምን መንገድ እንደደረሰና ዛሬ ምን ላይ እንደሚገኝ በአጭሩ ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ብናኝ ምንድን ነው?

በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚቆይ ማንኛውም ጠጣር ወይም ፈሳሽ ቅንጣት በዚህ ጽሑፍ ብናኝ ተብሎ ይጠራል። የብናኝን ጠባይ የሚወስነው ከሁሉ በፊት መጠኑ ነው። ዲያሜትሩ ከ10 ማይክሮን የሚበልጠው ቅንጣት ቶሎ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ወደ አፍንጫ ቢገባም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይያዛል። ከ10 ማይክሮን የሚያንሰው ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ይዘልቃል። ከ2.5 ማይክሮን የሚያንሰው ደቃቁ ብናኝ ደግሞ፣ ከሰው ጠጉር ውፍረት ጋር ሲነጻጸር ሃያ እጅ ያህል የሚቀጥነው፣ እስከ ሳንባ የመጨረሻ ከረጢቶች ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2013 ከቤት ውጭ ያለውን የአየር ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

የብናኝ ምንጮች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ምንጭ ነው፤ ነፋስ ከደረቅ መሬት የሚያነሣው አፈር፣ ከባሕር ሞገድ የሚረጨው ጨው፣ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ የአበባ ብናኝ፣ የሻጋታ ዘርና ዛፎች ከሚያወጡት ተን አየር ላይ የሚፈጠረው ቅንጣት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላል። ሁለተኛው ከሰው ሥራ የሚመነጨው ነው፤ የማገዶና የከሰል ጢስ፣ የመኪና ጭስ፣ የፋብሪካ ልቀት፣ የቆሻሻ ቃጠሎና የግንባታ አቧራ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች አየር ላይ ሲደርሱ ይቀላቀላሉ። መኪና ጥርጊያ መንገድ ላይ ሲሄድ የሚያስነሣው አቧራ አፈርነቱ የተፈጥሮ ነው፤ የመነሣቱ ምክንያት ግን ሰው ነው። ስለዚህ የብናኙን ጠቅላላ ክብደት ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ከምን እንደተሠራም መታወቅ አለበት።

፪. የመለኪያ ጥበብ አነሣሥ

የዘመናዊው መለኪያ ታሪክ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ይጀምራል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማክሲሚልያን ሬንግልማን በ1888 ገደማ ከነጭ ወደ ጥቁር ደረጃ በደረጃ የሚጠቁሩ ካርዶች አዘጋጀ። ተመልካቹ ካርዱን ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጋር እያስተያየ የጭሱን ጥቁረት በቁጥር ይመዘግብ ነበር። ዘዴው በዓይን ላይ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ቀላልና ርካሽ ስለነበረ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሕግ አስከባሪዎች እጅ ኖሯል።

በዚያው ጊዜ ስኮትላንዳዊው ጆን አይትከን ከዓይን የተሻለ መሣሪያ ፈጠረ። አየሩን በውኃ እንፋሎት ከሞላው በኋላ በድንገት እንዲሰፋና እንዲቀዘቅዝ ያደርገዋል፤ በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ የውኃ ጠብታ ይፈጠራል፤ ጠብታዎቹም መስመር በተሠመረበት የብር ሰሌዳ ላይ ሲወድቁ በማጉያ መነጽር ይቈጠራሉ። በዚህ መንገድ ለዓይን የማይታየው ብናኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ተገለጸ። ዛሬ ያሉት የኤሌክትሮኒክ ቅንጣት ቆጣሪዎች የሚሠሩበት መሠረታዊ ሐሳብ ይኸው ነው።

በ1945 እንግሊዛዊው ኬ. አር. ሜይ አየሩን እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች በማሳለፍ ብናኙን በየመጠኑ የሚለይ መሣሪያ ሠራ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የመንግሥታት ጉዳይ የሆነው በዲሴምበር 1952 ለንደንን የሸፈነው የጭስ ጉም በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ከገደለ በኋላ ነው። እንግሊዝ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አወጣች። አሜሪካ በ1971 ጠቅላላውን ተንሳፋፊ ብናኝ፣ በ1987 ከ10 ማይክሮን በታች ያለውን፣ በ1997 ደግሞ ከ2.5 ማይክሮን በታች ያለውን ለብቻው የሚገድቡ ደረጃዎች ደነገገች። ሕጉ ከትልቁ ወደ ትንሹ ቅንጣት የወረደው የሕክምና እውቀቱና የመለኪያ መሣሪያው እየተደጋገፉ ስላደጉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ለደቃቁ ብናኝ የዓመት አማካይ 10 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዲሆን መክሮ ነበር፤ በ2021 ይህንኑ ወደ 5 ዝቅ አደረገው። ለ24 ሰዓት የተመከረው መጠን ደግሞ ከ25 ወደ 15 ወርዷል።

፫. ዝናባማው ደን እንደ መነሻ ሚዛን

የከተማ ብናኝ በዛ ወይም አነሰ ለማለት የሰው እጅ ያልበዛበት አየር ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን መነሻ ሚዛን ፍለጋ ተመራማሪዎች ወደ ሐሩር ክልል ዝናባማ ደኖች ሄደዋል። በ1985 እና በ1987 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳና የብራዚል የጠፈር ምርምር ተቋም በማናውስ ዙሪያ በአውሮፕላንና በምድር ላይ መሣሪያዎች የአማዞንን አየር ለኩ። በ2008 የአውሮፓ ተመራማሪዎች በማሌዥያዊቷ ቦርኒዮ በዳነም ሸለቆ ደንና በአጠገቡ ባለው የዘንባባ ዘይት እርሻ ላይ ተመሳሳይ ዘመቻ አደረጉ። በ2015 ብራዚልና ጀርመን ከማናውስ ሰሜን ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ 325 ሜትር ቁመት ያለው ማማ ተከሉ።

ውጤቱ አስተማሪ ነበር። በአማዞን በዝናቡ ወራት በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚገኙት ቅንጣቶች ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው፤ ይህም በሰፊ ውቅያኖስ ላይ ከሚገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው። አብዛኛው ክብደት ከዛፎች ተን የተፈጠረና የሻጋታ ዘርን የመሰለ ሕያው ነገር ነው። በደረቁ ወራት ደን ሲመነጠርና ሲቃጠል ግን ቁጥሩ ወደ ብዙ ሺህ ይወጣል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ማማ ላይ፣ ወቅት ብቻ በመለወጡ የተፈጥሮና የሰው ድርሻ ተለይቶ ታየ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በአማዞን ላይ ከሚወርደው አፈር ውስጥ ከአፍሪካ ሰሃራ፣ በተለይም ከቻድ የቦዴሌ ረባዳ መሬት፣ አትላንቲክን ተሻግሮ የሚደርስ መኖሩ ተረጋግጧል። አየር የአገር ድንበር እንደማያውቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያም የራሷ ዝናባማ ደኖች አሏት። የከፋና የያዩ ደኖች በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ የሕያው ከባቢ ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ለዓለም አቀፉ የከባቢ አየር ክትትል መነሻ እንዲሆን የታሰበው ጣቢያ በኬንያ ተራራ ላይ 3,678 ሜትር ከፍታ ላይ ከ1999 ጀምሮ ተቋቁሟል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ለአገሪቱ ከተሞች ተመሳሳይ የማነጻጸሪያ ሥፍራ ለመሆን የሚያስችል ጠባይ አላቸው፤ ለምለምና ዝናባቸው ረዥም ከመሆኑም በላይ ከትልልቅ ፋብሪካዎች የራቁ ናቸው።

የተፈጥሮ ምንጭ ሲባል በኢትዮጵያ እሳተ ገሞራውም አይዘነጋም። በጁን 2011 በኤርትራ ድንበር ላይ የፈነዳው ናብሮ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ የሰልፈር ጋዝ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ረጨ፤ ከዚያ የተፈጠረው ደቃቅ የሰልፌት ብናኝ ሰሜናዊውን የምድር ክፍል ዞረ፤ የአካባቢው በረራዎችም ታወኩ። በኖቬምበር 2025 የአፋሩ ሀይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል።

፬. አዲስ አበባና ጢሷ፤ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው የጽድና የወይራ ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። የማገዶው እጦት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ገደማ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስኪያስቡ ድረስ ከብዶ ነበር። ከተማይቱን በሥፍራዋ ያስቀራት በ1890ዎቹ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉ ቶሎ እያደገ የእንጦጦን ተረተር ሸፈነ፤ በጀርባቸው ከአቅማቸው በላይ እየተሸከሙ ቅጠልና ጭራሮ ወደ ከተማ የሚያወርዱት ሴቶች ኑሮ በእርሱ ላይ ተመሠረተ፤ የከተማይቱም እንጀራ በእርሱ ተጋገረ። የባሕር ዛፍ ጢስ ከጠዋቱ ብርድ ጋር ተቀላቅሎ በየመንደሩ ላይ ሲንሳፈፍ ማየት የአዲስ አበባ ሰው የለመደው ነገር ነበር። የተለመደ ነገር ግን እንደ ችግር አይቈጠርም፤ አይለካምም።

ሳይታሰብ የተለካበት አንድ መንገድ ግን አለ። የአውሮፕላን ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካቾች በየሰዓቱ የሚመዘግቡት አንድ ቁጥር «የእይታ ርቀት» ይባላል። ተመልካቹ ርቀታቸው የታወቀ ተራሮችንና ሕንፃዎችን አይቶ የትኛው እንደሚታይ፣ የትኛው እንደተሰወረ ይጽፋል። ምዝገባው ለበረራ ደኅንነት የተደረገ ነበር። ይሁን እንጂ ዝናብና ጉም የነበረባቸው ሰዓቶች ተቀንሰው የእርጥበቱ መጠን ከታረመ፣ የቀረው የእይታ መቀነስ የብናኝ መብዛት ምልክት ነው።

በ2020 የእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢና በካምፓላ የተመዘገበውን የእይታ ርቀት መርምረው በሦስቱም ከተሞች ብናኝ እንደጨመረ ገመቱ። ጭማሪው በአዲስ አበባ 62 ከመቶ፣ በካምፓላ 162 ከመቶ፣ በናይሮቢ 182 ከመቶ ነበር። የቦሌው ተመልካች በየሰዓቱ የጻፋት አንዲት ቁጥር ከአርባ ዓመት በኋላ የከተማይቱን የአየር ታሪክ ለመጻፍ አገለገለች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሳይቋረጥ የተያዘ ተራ መዝገብ ለአጭር ጊዜ ከተደረገ ውድ ጥናት ሊበልጥ ይችላል።

፭. የ2004ቱ ጥናት

ከጃንዩዌሪ 26 እስከ ፌብሩዌሪ 28 ቀን 2004፣ ማለትም በበጋው ወራት፣ በአሜሪካ ኔቫዳ ከሚገኘው የበረሃ ምርምር ተቋም የመጡ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 12 ሥፍራዎች 21 ናሙናዎች ሰበሰቡ። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ በሁለት ዓይነት ማጣሪያ ተያዘ፤ በቴፍሎኑ ማጣሪያ ጠቅላላ ክብደቱና 40 ንጥረ ነገሮች ተለኩ፤ በኳርትዙ ደግሞ ካርቦኑ፣ ሰልፌቱ፣ ናይትሬቱና አሞኒየሙ ተመረመሩ።

የ24 ሰዓቱ መጠን በከተማው ውስጥ ከ100 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ በታች፣ በከተማው ዳርቻ ደግሞ ከ40 በታች ሆኖ ተገኘ። ከብናኙ ክብደት ከ34 እስከ 66 ከመቶ የሚሆነው አፈር ነበር፤ ለዚህም አስፋልት ያልለበሱት መንገዶችና የመንገድ ዳርቻዎች ምክንያት ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ተገመተ። በከተማው ውስጥ ጥላሸትና ሌላው ካርቦን ከ31 እስከ 60 ከመቶ ሲይዝ፣ በዳርቻው ከ24 እስከ 26 ከመቶ ብቻ ያዘ። ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው ሊድ ከጥናቱ ጥቂት ወራት በፊት እንዲቀር በመደረጉ በናሙናዎቹ ውስጥ የተገኘው ሊድ ዝቅተኛ ነበር። ይህ አንድ የአስተዳደር ውሳኔ በማጣሪያ ላይ በዓይን የታየበት አጋጣሚ ነው።

በሰባት ሥፍራዎች ላይ የተተከሉት በየደቂቃው የሚያነቡ መሣሪያዎች ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩ። ብናኙም ካርቦን ሞኖክሳይዱም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ወደ ጣራ ይወጣሉ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ማታ እንደገና ከፍ ይላሉ። ይህ ምድጃ የሚነድበትና መኪና የሚበዛበት ሰዓት ነው። የጠዋቱ ከፍታ እንዲጎላ ያደረገው ሌላው ምክንያት ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ መሆኑ ነው። ይህ የተገለበጠ የሙቀት ሽፋን እንደ ድስት ክዳን ጢሱን መሬት ላይ አፍኖ ያቆየዋል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ክዳኑ ይከፈታል።

፮. ከዚያ ወዲህ

ከ2004 በኋላ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሥራ እየበዛ መጣ። በ2010 የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት በአዲስ አበባ ብናኝ ክብደትና የንጥረ ነገር ይዘት ላይ የተደረገ ጥናት አወጣ። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ወደ ቤት ውስጥ ዘለቀ፤ በተጨናነቁ መንደሮች በሚገኙ 59 ቤቶች የተለካው ደቃቅ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ 818 ማይክሮግራም ያህል ነበር። በእንጨትና በከሰል በሚያበስሉት ቤቶች 1,134፣ በነጭ ጋዝ 637፣ በኤሌክትሪክና በመሰል ንጹሕ ኃይል 335 ሆኖ ተገኘ። በመንገድ ላይ ካለው አየር ይልቅ ከምድጃው አጠገብ ያለው አየር ብዙ እጅ የከፋ መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። የተለመዱትን ምድጃዎች ለመተካት ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሠራጩት ላቀችና ምርጥ የተባሉት ምድጃዎች የታሰቡት በማገዶ ቁጠባ ስም ቢሆንም፣ የሳንባም ጉዳይ መሆናቸው በዚህ ታወቀ።

ከኖቬምበር 2015 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በጥቁር አንበሳ ግቢ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ የደቃቁን ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ 53.8 ማይክሮግራም አድርጎታል። ከዚህ ውስጥ ተሽከርካሪዎች 28 ከመቶ፣ የማገዶ ቃጠሎ 18.3 ከመቶ፣ የአፈር ብናኝ 17.4 ከመቶ ድርሻ እንዳላቸው ተሰላ። በ2004ቱ ጥናት አፈር እጅግ በዝቶ ሲታይ እዚህ ያነሰው ከተማው ስለተለወጠ ብቻ አይደለም፤ አፈር በትልልቁ ቅንጣት ውስጥ፣ ጢስ በደቃቁ ውስጥ ስለሚበዛ ጭምር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች መጠናቸውን ሳይለዩ ማወዳደር ስሕተት ይሆናል።

በ2016 የአሜሪካ ኤምባሲ በግቢውና በአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ሁለት በየሰዓቱ የሚያነቡ መሣሪያዎች ተከለ። መሣሪያው አየሩን በወረቀት ጥቅል ላይ እያሳለፈ ብናኙን ይይዛል፤ ከዚያም የቤታ ጨረር በተያዘው ብናኝ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚደክም በመለካት ክብደቱን ያሰላል። ውጤቱ በየሰዓቱ ለሕዝብ ክፍት ስለነበረ ተማሪው፣ ሐኪሙና ጋዜጠኛው ሁሉ ተጠቀመበት። ክረምት ሲመጣ አየሩ ይጠራል የሚለው ግምት በደቃቁ ብናኝ ረገድ እንደማይሠራ የታየው ከዚህ መዝገብ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ወራት እንዲያውም ከበጋው ከፍ ብለው ተገኙ። ዝናብ አቧራን ያጥባል፤ ነገር ግን በብርዱ የሚነደው ማገዶና ከሰል ይበዛል፤ በደመና የተሸፈነ ቀን ደግሞ አየሩን ወደ ላይ የሚያነሣው ሙቀት ይደክማል።

ይህ መዝገብ በማርች 2025 ለሕዝብ መቅረቡ ቆመ። ምክንያቱ አዲስ አበባን የሚመለከት አልነበረም፤ የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ምክንያት በዓለም ዙሪያ ካሉት ኤምባሲዎቹ ሁሉ መረጃ ማስተላለፉን ስላቋረጠ ነው። በሌላ አገር ዋና ከተማ የተወሰነ ውሳኔ የአዲስ አበባን የአየር መዝገብ በአንድ ቀን ዘጋው። በአገር ውስጥ የሕግ መሠረቱ ቀድሞ ተጥሎ ነበር፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በ2002 ወጥቷል፤ የከተማው አስተዳደርም ከ2021 እስከ 2025 የሚያገለግል የአየር ጥራት አስተዳደር ዕቅድ አዘጋጅቷል። ሕግና ዕቅድ ግን ያለ ተከታታይ ልኬት መፈጸማቸውን ማረጋገጥ አይቻልም።

፯. ጉዳዩ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲታይ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ከጎተራ እስከ ሳሪስ ያለው መሥመር የደብረ ዘይት መንገድን ተከትሎ የተደረደሩ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ያሉበት ነው። በ2004 የተጠናቀቀው የቀለበት መንገድ ደቡባዊ ክፍል በዚሁ ያልፋል። በጎፋ፣ በለቡና በጀሞ በሺህ የሚቈጠሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ግንባታውም ገና አላበቃም። የመሬቱ አቀማመጥ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ፣ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ከባድ አየር ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ደቡብ ይፈሳል፤ የላይኛው ከተማ የማታ ጢስም አብሮት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ በሰሜን ተራራ ሥር ተተክሎ የሚያነበው ቁጥር የደቡቡን ነዋሪ አየር ይወክላል ብሎ መውሰድ አያስተማምንም።

በዚሁ ክፍለ ከተማና በቆልፌ ቀራንዮ አዋሳኝ ላይ የረጲ ቆሻሻ መጣያ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመላዋን ከተማ ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። ክምሩ ከውስጥ ሲብላላ የሚቃጠል ጋዝ ያመነጫል፤ እሳትም ሲነሣበት ጢሱ ለቀናት ይሰነብታል። በማርች 2017 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ እዚያው አጠገብ ቤት የሠሩና ከቆሻሻው ውስጥ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ። በኦገስት 2018 በአጠገቡ 25 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ጣቢያ ተመረቀ። የእንዲህ ያለ ጣቢያ ጥቅም የሚመዘነው በሜጋዋት ብቻ አይደለም። በሜዳ ላይ የሚቃጠል ቆሻሻ ጢሱን የሚለቀው በነዋሪው አፍንጫ ቁመት ነው፤ በእቶን ውስጥ የሚቃጠለው ግን በማጣሪያ አልፎ ከፍ ባለ ጭስ ማውጫ ይወጣል። ልዩነቱ እውን መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ጣቢያው ከመተከሉ በፊትም በኋላም በመንደሩ ውስጥ የሚያዝ መዝገብ ነው።

ለመሻሻል የሚያበቁ ሥራዎችም በዚሁ ይታያሉ። ከ2007 ገደማ ጀምሮ በየመንደሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን ለወጣቶች ሥራ ከመስጠቱም በላይ የጥርጊያ መንገዱን አቧራ ከምንጩ ያፍናል። በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ ሲወርድ በንፋስ ስልክና በሳሪስ ያልፋል። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እነዚህ ሁሉ መልካም እርምጃዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው የትኛው ስንት ማይክሮግራም እንደቀነሰ መናገር የሚቻለው ግን በየሥፍራው ሲለካ ብቻ ነው።

፰. ለመሐንዲሱ የቀረበ አንድ የስሌት ጉዳይ

የተለመደው ናሙና ሰብሳቢ በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር ይስባል፤ በ24 ሰዓት 24 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። የአየሩ ብናኝ 50 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ቢሆን፣ በማጣሪያው ላይ የሚቀረው 1.2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ማጣሪያው ራሱ ከመቶ ሚሊግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ሚዛኑ አንድ ማይክሮግራምን የሚለይ፣ ክፍሉም ሙቀቱና እርጥበቱ የተጠበቀ መሆን አለበት። የጣት አሻራ ቅባት እንኳ ውጤቱን ያበላሻል።

ለአዲስ አበባ የሚጨመር ሌላ ጉዳይ ከፍታዋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ «አንድ ሜትር ኩብ» ሲባል በሥፍራው ያለው ስስ አየር ነው ወይስ ወደ ባሕር ጠለል ግፊትና ወደ 25 ዲግሪ ሙቀት የተቀየረው? ሰው በሥፍራው የሚተነፍሰው 50 ማይክሮግራም፣ ወደ መደበኛው ሁኔታ ሲቀየር 64 ያህል ይሆናል። በአሜሪካ ደንብ ከ10 ማይክሮን በታች ያለው ብናኝ በመደበኛው፣ ከ2.5 በታች ያለው ደግሞ በሥፍራው ሁኔታ ይገለጻል። ሁለት ሪፖርቶች ይህን ሳይጽፉ ቢነጻጸሩ፣ ምንም ያልተለወጠው አየር በአንድ አራተኛ የባሰ ወይም የተሻለ መስሎ ይታያል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚናቀው ይህ ጉዳይ በአዲስ አበባ በእያንዳንዱ ሪፖርት ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የታየው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛ፣ የተፈጥሮና የሰው ብናኝ የሚለየው በክብደት ሳይሆን በይዘት፣ በወቅትና በሥፍራ ንጽጽር ነው፤ ለዚህም ከከተማው ጣቢያዎች ሌላ በደቡብ ምዕራብ ደኖች የመነሻ ጣቢያ ማቋቋም ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ በውጭ እርዳታ የተጀመረ ልኬት እውቀት አስገኝቷል፤ ቀጣይነቱ ግን በረጂው ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑ በማርች 2025 ታይቷል። ናሳ በብናኝና በጤና ግንኙነት ላይ ላቀደው የሳተላይት ጥናት አዲስ አበባን ከመረጣቸው ከተሞች አንዷ ማድረጉ መልካም ዕድል ነው፤ ሳተላይት ግን በምድር ላይ ያለ ሚዛን ካላረመው ብቻውን አያስተማምንም። ሦስተኛ፣ ብዙ ዋጋ የማይጠይቀው የቦሌው የእይታ መዝገብ እንደመሰከረው፣ የመዝገብ ዋጋ በመቀጠሉ ነው።

ስለሆነም የማኅበሩ አባላት በሚነድፉት መንገድ፣ ፋብሪካና የመኖሪያ መንደር ውስጥ የአየር ልኬትን እንደ ውኃና እንደ መብራት ከመጀመሪያው የሥራ ዝርዝር ውስጥ ቢያስገቡት፤ የመሣሪያው መግዣ ብቻ ሳይሆን የማጣሪያው፣ የማስተካከያውና የባለሙያው ደመወዝ የየዓመት በጀት ቢመደብለት፤ ውጤቱም ግፊቱና ሙቀቱ ተጽፎበት ለሕዝብ ክፍት ቢደረግ፣ በሳሪስ፣ በጀሞና በረጲ ዙሪያ ያለው ነዋሪ የሚተነፍሰው አየር ምን እንደሆነ ሌላ አገር እስኪነግረው መጠበቅ አያስፈልገውም።